ከቁርስ በኋላ

ሳሊተ ምሕረት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ እትዬ ጥሩነሽ በማለዳ የሰው በር አንኳኩተው «ቁርስ በላችሁ?» ብለው ከጠየቁ የቤቱ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። ሴትዮዋ ቁርስ ቸግሯቸው አይደለም። መርዶ ይዘው ስለሚመጡ ነው። የማኅበር ቤቶቹ ገና በጭቃው መሀል አንድ ሁለት እያሉ መቆም ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ፣ ለአንዱ ጎረቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ ዕድርተኛው እርስ በርሱ ይተያይና «በሉ እትዬ ጥሩነሽን ጥሩ» ይላል። ወንዶቹ ከቤቱ ራቅ ብለው ግንብ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። የወንድ ልጅ ጀግንነት ሁሉ ግንብ መደገፍ ብቻ የሚሆንበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። እሳቸው ብቻቸውን ይገባሉ።

ገብተውም ወዲያው አይናገሩም። ሻይ ያስጥዳሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ «አልራበኝም» ያለውን በግድ ያጎርሳሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ሊያለቅስ ነው እኮ፤ በምን አቅሙ ያለቅሳል?» ይሉ ነበር። የጾም ቀን ከሆነ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ሙስሊም ቤት በረመዳን ከሆነ ደግሞ ማፍጠሪያው እስኪደርስ። ሰውየው የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲውጥ ሳህኑን ራሳቸው ያነሳሉ፣ እጁን ያስታጥቡታል፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡና ያን ጊዜ ይናገራሉ። በእሳቸው አፍ መርዶ ሰምቶ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው በዚያ ሰፈር የለም።

ልጃቸው ዕፀገነት ይህ ወግ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ እዚያው ነበረች። አባቷ አቶ ገረመው ለመንግሥት ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው መኪና ተገልብጦባቸው በሞቱ ማግስት፣ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር በማለዳ መጥቶ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በመኪናው መስኮት ነገራቸው። እናቷ ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ወደቁ። ሲነሱ እንባ አጡ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ደርቀው ተቀመጡ፤ ለቀስተኛውም «ምን ዓይነት አንጀት ነው» እያለ አማቸው። እንባቸው የመጣው አርባው ወጥቶ፣ ዘመድ ሁሉ ወደየጉዳዩ ከሄደ በኋላ ነው። ዕፀገነት ያኔ ልጅ ነበረች። እስከ ዛሬም ደጅ ላይ ቆሞ የሚያጓራ ሞተር ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ወደ መስኮት ትሄዳለች።

እንግዲህ አእምሯቸው ውል መሳት የጀመረባቸው እኚህ ሴት ናቸው።

መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሱ። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸውን ስም፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ጾሙን ከፍስኩ መለየት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ፣ ዕድሜያቸውን ጠይቆ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላ ብዙ አላለም። ሁሉ ነገር ጥሏቸው ሲሄድ አንዲት ነገር ግን አልሄድ አለች፤ መርዶ ነጋሪነታቸው። ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፣ ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ በሩን ከፍተው ይወጣሉ።

በመጀመሪያ የደረሰው ለዕድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ቂርቆስ ነው። የአባታቸውን ሞት ነገሯቸው። አባትየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ የተዝካራቸውን ወጥ የሠሩት እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ነበሩ። አቶ ቂርቆስ ግን ይሉኝታ ይዟቸው ቁርሳቸውን በሉ፣ መርዷቸውን ሰሙ፣ በመጨረሻም የእውነት ሆድ ባሳቸውና አለቀሱ። ሰፈሩ በዚህ ብዙ ሳቀ። ዕፀገነትም ስቃለች።

የሸምሲያ ግን አላሳቀም። ሸምሲያና ባሏ ሚስባህ ከስልጤ መጥተው በመንገዱ ማዕዘን ላይ ሱቅ ከፍተው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። የበኩር ልጃቸው ካሊድ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ከወጣ ወራት አልፈው፣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ሸምሲያ በአንድ እጇ ስኳር እየመዘነች በሌላው ስልኳን ትይዛለች፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዛው ትገባለች እያሉ ያሟት ነበር። አንድ ማለዳ ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ እትዬ ጥሩነሽን ደጃፏ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ሸምሲያ ልጄ፣ ቁርስ በላሽ?» አሏት።

ሸምሲያ ቁርሱ እስኪበላ አልጠበቀችም። እሪታዋ ሰፈሩን ከአልጋው አስነሳው። ሴቶቹ ያገኙትን ጣል አድርገው ሮጠው ደረሱ፣ ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ። ምሰሶው ቆሞ ሸራው ሊወጠር ሲል ነው ሚስባህ «ማን ደወለ? ከየት ተሰማ?» ብሎ የጠየቀው። ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞረ። እሳቸው የሸምሲያን እጅ ይዘው አብረዋት እያለቀሱ ነበር። ሚስባህን ቀና ብለው አዩትና «የማን ነው ልጄ? ማን ሞተባችሁ?» አሉት።

ድንኳኑ ተጠቀለለ። ካሊድም ቆይቶ ከማላዊ ደወለ፤ ድንበር ላይ ተይዞ ታስሯል፣ ነገር ግን በሕይወት አለ። ሸምሲያ ግን በቁሙ የተለቀሰለት ልጅ፣ ድንኳን ተተክሎ የተነቀለለት ልጅ፣ ሟርቱ ይከተለዋል ብላ ፈራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነ ዕፀገነትን ሰላምታ ነሳቻቸው፤ በበራቸው ስታልፍ እንኳ በወዲያኛው ጥግ ሆነች።

በዚያው ሰሞን አቶ ቂርቆስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወሩ፣ ስለሚፈርሰውና ስለሚሠራው መንገድ አወሩ፤ የመጡበትን ነገር ግን ማንም ሊጀምረው አልፈለገም። በመጨረሻ አቶ ቂርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ በሩን ዝጊው። ለእሳቸውም ለሰፈሩም ይሻላል» አሉ።

ዕፀገነት ጓጉንቸር ገዛች። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ለማውራት አይመችም፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ነበር። ዕፀገነት ቦሌ መንገድ ላይ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ትቆርጥ ነበር። ሰውን ዱባይና ጓንዡ ስትልክ ትውልና ማታ በታክሲ ተጋፍታ ትመለሳለች። እናቷን የሚጠብቅ ሠራተኛ ብትቀጥር ማንም አልበረክት አለ። አንዷ የእናቷን መርዶ ተነገራትና ደሞዟን ሳትጠይቅ ወደ ሀገሯ ሄደች፤ እናትየው በጤናቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሏት። ስለዚህ ዕፀገነት ሥራዋን ተወች። ወንድሟ ገሰሰ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደግ ሰው ነው፣ በተለይ በስልክ። «አይዞሽ ዕፄ፣ አለሁልሽ» ይላታል፤ ያለው ግን ወሎ ሰፈር ነው።

ጎህ ሲቀድ እናቷ የግቢው በር ጋ ናቸው። ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ይመቱታል።

«የኔ እመቤት፣ ይክፈቱልኝ» ይሏታል የገዛ ልጃቸውን፣ አንቱ ብለው። «ሰዎቹ ሳይነገራቸው ሊውሉ ነው። ከመንገድ ቢሰሙትስ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ዕፄ ነኝ። የሞተ ሰው የለም። ነይ ቁርስ እንብላ።»

ቁርስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ዓመድ ይሆናል። «ማን ሞተ?» ይላሉ። ዕፀገነት ከዚያ ወዲህ ቃሉን መጥራት ተወች። ዝም ብላ ታቀርባለች፣ ዝም ብለው ይበላሉ።

ከሰዓት በኋላ ይሻላቸዋል። ዕፀገነትን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ምንጣፍ ላይ ያስቀምጧትና ፀጉሯን ይሠሯታል። ጣታቸው ምንም አልረሳም። የማንን ራስ እንደያዙ ግን አያውቁም፤ አንዳንዴ የእህታቸው፣ አንዳንዴ የሙሽራ ይመስላቸዋል። «ጥሩ ፀጉር አለሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። እሷም «የጥሩነሽ» ትላለች። «አላውቃትም» ይላሉ። ግማሹን ሠርተው ይደክማቸዋል፤ ዕፀገነት የቀረውን በሻሽ ትሸፍነዋለች። ከቀኑ ሁሉ የምትወዳት ሰዓት ይህቺ ነበረች።

ጠዋቱን ግን ትጠላው ነበር። አንድ ማለዳ እናቷ በሩን መምታት ትተው ተረጋግተው ዞሩና ዓይን ዓይኗን አዩአት። «ልጄ እዚህ ብትኖር ኖሮ ትከፍትልኝ ነበር» አሏት። ዕፀገነት ገላ መታጠቢያው ውስጥ ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ያን ዕለት እናቷ ቢሞቱ ብላ ተመኘች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ደግማ አልተመኘችም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ክሩ አንገቷን እየፋቀ ምልክት አውጥቶበት ነበር፤ በር የተቆለፈባቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ቁልፉ አንዷ ጋ መሆኑ እምብዛም ለውጥ አልነበረውም።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው የድሮ አለቃዋ ሔዋን የደወለችላት። አንዷ ትኬት ቆራጭ አግብታ ለቃ ነበር።

«ዕፄ፣ ቦታሽ ክፍት ነው። ግን ሐሙስ ጠዋት ራስሽ መጥተሽ ባለቤቱን አናግሪው። ካልመጣሽ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፤ እኔም አልችልም ከዚያ በኋላ» አለቻት።

ዕፀገነት ስልኩን ዘጋች። ሥራው ብቻ አልነበረም። ደሞዝ ካለ የሰለጠነች አስታማሚ መቅጠር ይቻላል፤ አስታማሚ ካለች በሩ ይከፈታል፣ እናቷ በሰው ክንድ ተደግፈው መንገዱን ያያሉ፣ እሷም ትወጣለች። ሐሙስ ጠዋት ካልሄደች ግን ይኸው ነው፤ ክሩ አንገቷ ላይ ያረጃል። ለገሰሰ ደወለች።

«ሐሙስ ጠዋት ብቻ መጥተህ አብረሃት ሁን።»

«ሐሙስ? ሐሙስ እኮ ዕቃ የሚገባልኝ ቀን ነው ዕፄ።»

«ገሴ፣ ግማሽ ቀን ነው።»

«ቆልፈሽባት ሂጂያ። ምን ትሆናለች? በር አትሰብር።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«አንቺም ደግሞ ሟርተኛ ሆንሽ» አላት፤ ከጀርባው ደንበኛ ሲጠራው ይሰማል። «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» ብሎ ዘጋው።

ሰፈሩን በልቧ ዞረችው። አቶ ቂርቆስ ወንድ ናቸው፣ እናቷን ሽንት ቤት መውሰድ አይችሉም። የቀሩት ሴቶች ወይ ሥራ ይውላሉ ወይ ይፈራሉ። እናቷን ከልብ የምታውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ከሱቋ የማትርቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ደግሞ አኩርፋለች። ዕፀገነት እናቷ ከሰዓት ሸለብ ሲያደርጋቸው ቆልፋባቸው ወጣች፣ ወደ ሱቁ ሄደች። ሸምሲያ ምስር በፌስታል እየሞላች ነበር።

«እንደምን ዋልሽ ሸምሲያ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሸምሲያ ቀና ሳትል።

ዕፀገነት ጉዳዩን ነገረቻት። ሥራውን፣ ሐሙስን፣ ገሰሰን። ስትጨርስ ሸምሲያ ፌስታሉን ቋጠረችው።

«ከእኔ ሌላ ሰው አጣሽ?»

«አጣሁ።»

«ልጄ አሁንም እስር ቤት ነው፣ ዕፀገነት። ጠዋት በር ሲንኳኳ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለች ሸምሲያ። ሌላ ገዢ መጣና ወደ እሱ ዞረች። ዕፀገነት ለገዢው ቦታ ለቀቀች። ከዚያ እናቷ ይነቁ ይሆናል ብላ እየሮጠች ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ደህናውን ልብሷን ለበሰች። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋች፣ ቢላዎቹንና ክብሪቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈች፣ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠጋች። እህል በአፏ አልዞረም። እናቷን አበላች፣ ወጣች፣ የግቢውን በር ከውጭ ዘግታ ጓጉንቸሩን አንጠለጠለች። ከውስጥ መዳፍ ቆርቆሮውን መታው።

«የኔ እመቤት፣ እርስዎም ሊሄዱ ነው?» አሉ እናቷ።

ዕፀገነት ቁልፉን አስገብታ ሳታዞረው ቀረች። አንገቷን ደፍታ እንደ ቆመች ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች።

«ስጪኝ ቁልፉን።»

ሸምሲያ ነበረች፤ የሱቅ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም።

«አባቴ ወራቤ የሞተ ጊዜ ረመዳን ነበር» አለች፤ ተቆጥታ የምታወራ ይመስል ነበር። «ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፣ እሳቸውንም የሳቸውንም ወግ አላውቅም። በጠዋት መጡ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቢላ አንስተው አብረውኝ መላጥ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጡም። እትዬ፣ እርስዎን ምን ይዞዎት ነው፣ ይጠጡ እንጂ እላቸዋለሁ፤ አልጠማኝም ይሉኛል። ማፍጠሪያው ሲደርስ አብረውኝ ቴምር ቀመሱ። እስክጠግብ ጠብቀው ነው የነገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ልጅ አቅፈውኝ አደሩ።»

ዕፀገነት ጓጉንቸሩን ለቀቀችው።

«ቅያሜዬን አልተውኩም» አለች ሸምሲያ። «ሂጂ አሁን፣ ታክሲው ይሞላብሻል።»

ዕፀገነት ክሩን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻት። ቀላል ነገር ነው አንድ ቁልፍ፤ ግን ስትሄድ አንገቷ ራቁቱን የቀረ መሰላት።

ታክሲው በሲኤምሲ በኩል ወርዶ መገናኛን ሲያልፍ ደህና ነበር። ኢምፔሪያል ላይ ቆመ። መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ፣ ረዳቱ ወርዶ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ወሬ ጀመረ። ዕፀገነት በመስኮቱ በኩል ሰው ሲያልፍ አየች፤ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ወደ ፈለገበት እንደሚሄድ ረስታው ነበር። ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት ጨነቃት። ወርዳ ልመለስ አለች፣ እጇን የወንበሩ ጀርባ ላይ አደረገች፣ መልሳ ተቀመጠች። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ግማሽ የተሠራ ፀጉሯን በእጇ ዳሰሰችው። ልጅ ሳለች እንደዚሁ ሆኖ ነበር። እናቷ ፀጉሯን እየሠሩላት ሳለ ሰው መጥቶ ለመርዶ ጠራቸው፤ እሷ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹ ሳቁባት። ማታ እናቷ ይቅርታ ጠየቋትና «ያኛው ልጅ ዛሬ አባት የለውም፤ አንቺ ነገ ፀጉርሽ ይሠራል» አሏት። ያኔ አልገባትም ነበር፤ እናቷን ለሰው ሁሉ ማካፈል ሰልችቷት ነበር።

ቢሮው ውስጥ ባለቤቱ ጥቂት ነገር ጠየቃት፣ እሷም መለሰች። የትኬቱ ሥርዓት ተለውጦ ነበር፤ ሔዋን «ሁለት ቀን ይበቃታል» አለችላት። ሰኞ ጀምሪ ተባለች። ስትወጣ ሔዋን እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘቻትና ሻሿን አስተካከለችላት።

ወደ ቤት ደወለች፣ አልተነሳም። ለሸምሲያ ደወለች፣ አልተነሳም። ሱቅ ገብታ ይሆናል አለች፤ እማዬን ይዛ ጓሮ ወጥታ ይሆናል አለች። የመመለሻውን ታክሲ መንገድ ሙሉ ለእናቷ ምን እንደምትላቸው ታስብ ነበር። «እማዬ፣ በሩ ሊከፈት ነው» ልትላቸው አሰበች። አይገባቸውም፤ ቢሆንም ትነግራቸዋለች።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ የገሰሰ መኪና ቆሞ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል። ገሰሰ ሐሙስ ቀን ከወሎ ሰፈር ወጥቶ አያውቅም። ይሉኝታ ይዞት ነው የመጣው አለች፣ ለራሷ። እርምጃዋን ግን አፈጠነች። ማዕዘኑን ስትታጠፍ አቶ ቂርቆስን አየች፣ ሚስባህን አየች፣ ወንድሟን አየች። ግንብ ተደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ገሰሰ ቀና ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ማንም አልጠራትም። እግሯ ብቻውን ወደ ቤት ወሰዳት።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሸምሲያ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ቆማ ነበር፤ እንቁላል ጠብሳለች፣ ዳቦ ቆርሳለች፣ ሻይ ቀድታለች። ፊቷን ታጥባ ነበር፣ ዓይኗ ግን አልታጠበም። ቀኑ ተጋምሷል፤ በዚያ ሰዓት ሰው ስለ ምሳ ነው የሚጠይቀው።

«ዕፄ» አለች ሸምሲያ። «ቁርስ በልተሻል?»

ዕፀገነት የበሩን መቃን ያዘች። «አልበላሁም» አለች። ሸምሲያ መጥታ ክንዷን ያዘችና አስቀመጠቻት፣ ሳህኑን ገፋ አደረገችላት፣ የመጀመሪያውን ራሷ አጎረሰቻት።

«ከፈትኩላቸው» አለች ከዚያ። «አንቺ ታክሲ ውስጥ ሳትገቢ ነው የከፈትኩላቸው። ክንዴን ያዙ፣ ወጣን። ሰፈሩን አዞርኳቸው። ሰዉ ሁሉ ከያለበት ወጥቶ ሰላም አላቸው፤ ማንም አልሸሸ። ቤቴ ደረስንና ቁርስ በላሽ አሉኝ። አልበላሁም አልኳቸው። አብረን በላን። ሳህኑን አነሱ፣ እጄን አስታጠቡኝ፣ ተቀመጡና ነገሩኝ።»

«የማንን መርዶ?»

«የአባትሽን። ገረመው አረፈ አሉኝ። አለቀስኩላቸው ዕፄ። የውሸቴን አይደለም፤ ለካሊድም፣ ለአባቴም፣ ለሁሉም ነው ያለቀስኩት። አብረውኝ አለቀሱ። ጀርባዬን እየዳበሱ አይዞሽ ልጄ፣ እንኳን ከመንገድ አልሰማሽው አሉኝ። ከዚያ ደከመኝ አሉ። ሶፋው ላይ ጋደም አሉ።»

«ከዚያስ?»

ሸምሲያ ዳቦ ቆርሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ብዪ እስቲ» አለች።

ዕፀገነት በላች። እንቁላሉ አልጣማትም፣ ዳቦውን በሻይ ገፋችው። መጮህ አማራት፣ ሳህኑን መገልበጥ አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ሳህኑ ላይ የሚበላ እስካለ ድረስ እናቷ የሸምሲያ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ አልቸኮለችም። እያንዳንዷን ጉርሻ አላምጣ፣ አላምጣ ዋጠች። እናቷ ስንቱን ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደጠበቁ አሰበች፤ የሚያውቁትን ነገር በሆዳቸው ይዘው፣ ሰውየው እስኪጠግብ። ያ ሁሉ ማለዳ ምን ያህል ይከብዳቸው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት፤ እናቷንም ከመቼውም በላይ ወደደቻቸው። በመጨረሻዋ ቁራሽ የቀረውን እንቁላል ጠርጋ አነሳች። ትንሽ በጣቷ ይዛት ቆየች፣ ከዚያ ጎረሰቻት።

ሸምሲያ ሳህኑን አነሳች። በጆግ ውሃ አምጥታ እጇን አስታጠበቻት፣ በገዛ ሽርጧ አደረቀችላት። ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች ዕፀገነት። «በልቻለሁ።»